ሳምንታዊው ስብሰባ ውሳኔ ሳይወጣው ለምን ይበተናል?

ጠያቂያችን ሳምንታዊ ስብሰባቸው ሁለት ሰዓት እየፈጀና ሁሉም እየተናገረበት፣ ሲበተን ግን ምን እንደተወሰነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው እንደማይገኝ ገልጸው መላ ጠይቀዋል። ለረጅም ጊዜ ስብሰባ ስመራም ቃለ ጉባኤ ስይዝም እንዳስተዋልኩት፣ የችግሩ ምንጭ ብዙውን ጊዜ የተሰብሳቢው ንግግር ማብዛት ሳይሆን የአጀንዳው አጻጻፍ ነው።

አጀንዳው ላይ «የሥልጠና በጀትን በተመለከተ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ተሰብሳቢው ስለ በጀቱ ያሻውን ሁሉ ቢያነሣ አይፈረድበትም፤ ውይይቱ የት ላይ እንደሚያበቃ የነገረው የለምና። ያንኑ ነጥብ «ከሥልጠና በጀቱ የተረፈውን ገንዘብ ለመሣሪያ ጥገና እናውለው ወይስ ለቀጣዩ ሩብ ዓመት እናቆየው?» ብለው ቢጽፉት ግን፣ ሰው ሐሳቡን አዘጋጅቶ ይመጣል፤ መልሱ ሲገኝም ነጥቡ ይዘጋል። በጥያቄ መልክ ሊጻፍ ያልቻለ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ሪፖርት ነው፤ ሪፖርት ደግሞ ቀድሞ በጽሑፍ ሊላክ ይገባል። ተልኮም አይነበብም ብለው ከሰጉ የአማዞን ኩባንያን ልማድ ይመልከቱ፦ መሥራቹ ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ2004 በከፍተኛ አመራሩ ስብሰባዎች ላይ ፓወርፖይንትን አስቀርተው፣ በዝርዝር የተጻፈ ሰነድ በስብሰባው መጀመሪያ በጸጥታ እንዲነበብ አድርገዋል። «ልዩ ልዩ» የሚባለውን የመጨረሻ ነጥብ፣ በእኔ አስተያየት፣ ፈጽሞ ቢሰርዙት ይሻላል።

ኃላፊው የሚናገሩበት ተራም ቀላል ጉዳይ አይደለም። አስቀድመው አቋማቸውን ከገለጹ፣ ከዚያ በኋላ ዕድል የሚሰጠው ሁሉ «ኃላፊያችን እንዳሉት» ብሎ ይጀምርና የተለየ ሐሳብ ያለው ዝም ይላል፤ ስለዚህ በመጨረሻ ቢናገሩ ይመረጣል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን ቃለ ጉባኤው ነው። «ጉዳዩ ትኩረት ተሰጥቶት እንዲሠራበት አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ስለማይናገር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ጉዳይ እንደ አዲስ ይነሣል። ጸሐፊው እያንዳንዱ ነጥብ ሲዘጋ ውሳኔውን ከፈጻሚው ስምና ከማስረከቢያው ቀን ጋር ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ፈጻሚውም እዚያው መቀበሉን ወይም ቀኑ እንደማይበቃው ይናገር። ቀጣዩ ስብሰባ በእነዚህ ውሳኔዎች ዝርዝር ይከፈት፤ ለውሳኔ የሚቀርብ ጥያቄ በሌለበት ሳምንት ደግሞ ዝርዝሩን በጽሑፍ ልከው ስብሰባውን ይሰርዙት።