የመጀመሪያ ሽጉጥ ለሚመርጡ ጀማሪ ተኳሾች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እጄ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ሽጉጥ አይሻለኝም?

መልስ፦ አይሻልዎትም። አንድ ዓይነት ጥይት ከሚተኩሱ ሁለት ሽጉጦች ውስጥ እጅን አጥብቆ የሚመታው ቀላሉ ነው፤ ግፊቱን የሚሸከምለት ክብደት የለውምና። በርሜሉ ሲያጥር በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀትም ስለሚያጥር፣ ጥቂት የእጅ መዛነፍ ኢላማው ላይ ሰፍታ ትታያለች። ስለዚህ ቁመቱ ሙሉ፣ እጀታው ግን ቀጠን ያለ ሽጉጥ ይፈልጉ። ባዶ መሆኑን አረጋግጠው፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው በደንብ ሲጨብጡት፣ አያያዝዎን ሳይቀይሩ ሌባ ጣትዎ ምላጩ ላይ በምቾት የሚደርስ ከሆነ ለእጅዎ ተስማሚ ነው።

ጥያቄ፦ በ.22 (0.22 ኢንች ገደማ ስፋት ባለው ትንሽ ጥይት) ልጀምር ወይስ በቀጥታ በ9 ሚሊ ሜትር?

መልስ፦ የሚቻል ከሆነ በ.22 ይጀምሩ። የተለመደው የ.22 እርሳስ (ከአፈሙዙ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ) 2.6 ግራም ገደማ ሲመዝን የ9 ሚሊ ሜትሩ ከ7 ግራም በላይ ነው፤ የግፊታቸው ልዩነትም እጅ ላይ በግልጽ ይሰማል። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ፍንዳታውን አስቀድሞ በመፍራት፣ ጥይቱ ሳይወጣ አፈሙዙን ወደ ታች መድፋት ነው። እኔ በከባድ ጥይት በመጀመሬ ይህ ልማድ ተጠናውቶኝ ነበር፤ የለቀቀኝም ወደ .22 ተመልሼ ምላጩን ቀስ ብሎ መሳብን እንደ አዲስ ስማር ነው። ጥይቱ ርካሽ መሆኑም ብዙ ለመለማመድ ያስችላል።

ጥያቄ፦ ሪቮልቨርስ?

መልስ፦ ጥይቶቹን በሚሽከረከር ከበሮ የሚይዘው ሪቮልቨር አሠራሩ ለመረዳት ቀላል ነው። ሆኖም መዶሻው (ከኋላ ያለው መቺ ክፍል) አስቀድሞ ካልተሳበ ምላጩ ረጅምና ከባድ ስለሚሆን አነጣጥሮ መምታት ያስቸግራል፤ አብዛኛውም 5 ወይም 6 ጎራሽ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉም ግሎክ 17 ግዛ ይለኛል።

መልስ፦ 17 ጎራሽ፣ 9 ሚሊ ሜትር የሆነ አስተማማኝ ሽጉጥ ነው። ነገር ግን በመደበኛው ሥሪት በእጅ የሚዘጋ የጎን መቆለፊያ የለውም፤ ውስጣዊ መከላከያዎቹ ምላጩ ሲሳብ ይለቃሉ። ስለዚህ ለመተኮስ እስኪወስኑ ድረስ ጣትዎን ከምላጩ ውጭ ማድረግ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ከሽጉጡ ጋር ምን ልግዛ?

መልስ፦ የሽጉጥ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ሊበልጥ ስለሚችል የጆሮ መከላከያ፣ የዓይን መነጽር፣ እንዲሁም የሚቆለፍ ሳጥን። ወደ ሳጥኑ ከመመለስዎ በፊት መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፤ ቀጥሎ በርሜሉ ውስጥ የቀረ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም።