አባቴ ሥራዬን ሲጠይቀኝ

ሰሞኑን አንዲት ተለማማጅ መሐንዲስ "ጋሼ፣ ቬንትሌሽን የሚለው ቃል ከየት መጣ?" አለችኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የሕንፃ አየር ማናፈሻ ስሠራ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መለስኩላት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቃሉ የላቲን ነው። "ቬንቱስ" ነፋስ ነው። "ቬንቲላሬ" ደግሞ ማራገብ፣ እህልን ለነፋስ እየሰጡ ከገለባው መለየት። የክፍል አየር መለወጥ የሚለው ፍቺ ኋላ የመጣ ነው። ስቴፈን ሄልስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1743 ስለ ቬንትሌተር መጽሐፍ አሳተመ። እንደ ወናፍ የሚሠራ መሣሪያ ነበር፤ ለመርከብና ለእስር ቤት፣ ለእህል ጎተራም ጭምር። እኛም "ወሬ አናፈሰ" እንላለን አይደል? እንግሊዞችም ቅሬታን አደባባይ ማውጣትን በዚሁ ቃል ይሉታል።

ተመርቄ ሥራ በያዝኩበት ዓመት፣ በጥር፣ አገር ቤት ሄድኩ። ጤፉ ተወቅቷል። አባቴ ላይዳውን ይዞ አውድማው ላይ ነፋስ ይጠብቃል። እፍኝ ገለባ ያነሣል፣ ይለቃል፣ አወራረዱን ያያል። ገና ነው። እንደገና ይጠብቃል። አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ አዲስ ጫማ አድርጌ።

"ልጄ፣ ሥራህ ምንድነው? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?" አለኝ።

"ቬንትሌሽን ነው" አልኩት።

"እሱ ምንድነው?"

"ለማስረዳት ይከብዳል አባዬ።"

ዝም አለ። ከዚያ "ነፋሱ መጣ" ብሎ ላይዳውን አነሣ። ፍሬው እግሩ ሥር ወረደ፤ እብቁ በእኔ በኩል አለፈ። የምሠራውን ሥራ ዓይኔ እያየ ሲሠራው አልገባኝም። የቃሉን ታሪክ ሳውቅ እሱ አርፎ ነበር።

መስኮት ትይዩ ለትይዩ አድርጉ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች ግን ስልክ ነካ አድርጋችሁ ፍቺውን ታገኙና ትተዉታላችሁ። ደግሞ ልክ አይደለሁም፤ እኔ በእናንተ ዕድሜ ፍቺውንም አልፈለግሁ። ብቻ እናት አባታችሁ ሥራችሁን ሲጠይቁ ተቀመጡና በእነሱ ቃል ንገሯቸው። ይከብዳል አትበሉ።

ለቅሶው ላይ አንድ ጎረቤታችን አጫወቱኝ። አባቴ ስለ እኔ ሲጠየቅ "ከተማ ነው፣ የመንግሥት ሥራ አለው" ብሎ ወሬውን ይለውጥ ነበር አሉ።