ለሐረጎ ዳገት ሹፌር ቅጠሩ

መስከረም ሲቃረብ ስልኬ ሥራ አይፈታም። ከአሜሪካ ወደ ወሎ ለመውሊድ የሚመጣ አለ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ልድረስ የሚል አለ። አንዱ መኪና ተከራይቼ ከአዲስ አበባ ደሴ ብቻዬን ልንዳ ይላል፤ ሌላው ራሷን የምትነዳ መኪናውን በመርከብ ጭኖ ሊያመጣ ያስባል። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፦ አይሆንም።

እስቲ ካላችሁበት አገር ልጀምር። ቴስላ የሚሸጠው ራስ-ነጂ ሶፍትዌር ሹፌሩን አያስቀርም። ዓይናችሁ ከመንገዱ መነቀል የለበትም። ሰው ቢገጭ ፖሊሱም ኢንሹራንሱም የሚመጣው ወደናንተ ነው። በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ኩባንያው ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ላይ «አውቶፓይለት» የሚለውን የመንዳት አጋዥ ማስጠንቀቂያ ለማጠናከር ሶፍትዌሩን እንደገና ለማስተካከል ተገዷል። ዌይሞ የሚባለው ሹፌር አልባ ታክሲ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከ2020 ጀምሮ ፊኒክስ ላይ መሪው ጋ ማንም ሳይኖር ሰው ያመላልሳል። ያም ቢሆን በተፈቀደለት ክልል፣ አስቀድሞ በዝርዝር ካርታ በተነሳ መንገድ ላይ ነው።

ራሷን የምትነዳ መኪና ለመፍቀድ ሕጉ ተንቀረፈፈ ብለው የሚያማርሩ ልጆች አሉ። እኔ በዚህ ከሕጉ ጋር ነኝ። ክሩዝ የሚባለው ሌላ ሹፌር አልባ ታክሲ በኦክቶበር 2023 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ፣ ሌላ መኪና የገጫትን እግረኛ ጎትቶ ሄደ። ካሊፎርኒያ በዚያው ወር ፈቃዱን አገደች። የክሩዝ ባለቤት ጀነራል ሞተርስም በ2024 መጨረሻ የታክሲ ሥራውን እርግፍ አድርጎ ተወው። ቸኩሎ ከመፍቀድ ዘግይቶ መፍቀድ ይሻላል።

ስለ ገንዘቡም ላንሳ። የቴስላው ራስ-ነጂ ሶፍትዌር ወርሃዊ ክፍያ በ2024 99 ዶላር ነበር። በዓመት ወደ 1,200 ዶላር ይጠጋል። ቀኑን ሙሉ ሃይዌይ ላይ ለሚውል ሰው ምናልባት ያዋጣ ይሆናል። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለምትነዱ ግን አያዋጣም፤ ለእናታችሁ ላኩት። ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ ደግሞ ዌይሞ በገባበት ከተማ ለአዲስ መኪና የረጅም ዓመት ብድር አትፈርሙ። የገቢያችሁ ነገር እስኪለይ ያለችውን መኪና አስጠግኑና ሥሩ።

ወደ ወሎ ልምጣ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእናንተ ሒሳብ የግማሽ ቀን መንገድ፣ በኛ ግን ሙሉ ቀን ይበላል። ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ሙቀቱም መንገዱም ይለወጣል። ኮምቦልቻ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ የሐረጎ ዳገት አለ። ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ ነው፤ ከፍታው ግን 600 ሜትር ያህል ይጨምራል፣ ያውም በኩርባ ላይ ኩርባ። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው ሲኖትራክ አይታይም። መኪናችሁ መስመሯን የምትጠብቀው አስፋልቱ ላይ የተቀባውን ነጭ ቀለም በካሜራ አይታ ነው። ቀለሙ ሲለቅና ጉም ሲሸፍነው ምን ልታይ? ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ብትታጠፉ ደግሞ ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ግመልና ፍየል አስፋልቱን ሞልቶት ሲሄድ ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል፣ እረኛውን በዓይኑ ያናግራል፣ ቀስ ብሎ ያልፋል። ይህን ሶፍትዌር አይሠራውም።

ለቤተሰብ መኪና መግዛት የምትፈልጉ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሉን ታውቃላችሁ። ኤሌክትሪክ ከሆነ እዚሁ በብዛት ያለውን የቻይናውን ግዙ። ከአሜሪካ የሚጫነው የቻርጅ መሰኪያው ይለያል፤ መለዋወጫውም ያንከራትታል። አንድ ነገር ግን መኪናውን ለሚነዳው ልጅ ንገሩት። ኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፣ ባትሪም ይሞላል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን ይህ መያዝ ይቀንሳል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ደሴ ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ሐረጎን መውረድ ፍሬን ማቃጠል ነው። ትንሽ አጉድሎ ይውረድ።

ለእናንተ ግን አብሽሩ፣ ሹፌር አይጠፋም። የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ልጅ ፈልጉ፤ የሚያውቀው ዘመድ ቢኖር ደግሞ ይሻላል። የቀን ክፍያውን፣ አበሉንና ማደሪያውን ከመነሳታችሁ በፊት ለይታችሁ ተነጋገሩ። ልጆቻችሁ ፊት «ቶሎ ቶሎ በል» አትበሉት፣ እሱም ይሉኝታ ይዞት ይረግጠዋል። ማታ አትንዱ። የመንገዱን ሰላም በዚያው ቀን ጠዋት ለዘመድ ደውላችሁ አጣሩ።

የኪራይ መኪና ከሆነ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ወረቀቱን በዓይናችሁ እዩ። ሦስተኛ ወገን በሕግ ግዴታ ነው፤ የተከራያችሁት መኪና ራሱ ቢጎዳ ግን አይከፍልም። ለዚያ ሌላ ኢንሹራንስ እንዳለው አከራዩን ጠይቁ፣ ካለውም በውሉ ላይ አጽፉት።