ከሦስቱ አንዱ አክስል ለምን ይነሳል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ዓመት የከባድ መኪና የአየር ሥርዓት ስጠግን የኖርኩ መካኒክ ነኝ። ስለሚነሳ አክስል (አክስል ማለት የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያያይዘው አግዳሚ ብረት ነው) የፈለጋችሁትን ጠይቁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር፦ የተነሳ አክስል ሥር ሳትደግፉ አትግቡ።

ከአዋሽ፦ ጋሼ፣ ባዶውን የሚመለስ ተሳቢ አየሁ። ከሦስቱ የፊተኛው አክስል ጎማ መሬት አይነካም። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ ተነስቶ ነው። እንዲህ ያለ ተሳቢ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) የለውም፤ ጭነቱን የሚሸከሙት በአየር የተነፉ የጎማ ከረጢቶች ናቸው። በሚነሳው አክስል ላይ ደግሞ ሌላ የማንሻ ከረጢት አለ። ቫልቩ ሲታዘዝ ከዚያው አክስል ተሸካሚ ከረጢቶች አየር ያስወጣል። ያ “ፍስስ” የምትሰሙት ድምፅ እሱ ነው። ወዲያው ማንሻው ይነፋና ክንዱን ገፍቶ አክስሉን ያነሳል። ሲወርድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጥቅሙ ባዶ ስትሄድ ነው። ጭነት የሌለው ጎማ መንገድ ላይ ይዘላል፣ ኩርባ ላይ ይፋቃል፣ ሳይሠራ ያልቃል። ከተነሳ ጎማውም ይተርፋል፣ ነዳጅም ትንሽ ይቀንሳል።

ከሞጆ፦ ጭኜስ ባነሳው?

መልስ፦ በፍጹም! ሒሳቡን እዩት። ሦስቱ አክስሎች 24 ቶን ቢሸከሙ ለእያንዳንዱ 8 ይደርሰዋል። አንዱን ብታነሳ ሁለቱ 12፣ 12 ይሸከማሉ። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. የተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው አስፋልት ላይ የሚደርሰው ጉዳት በግምት በክብደቱ አራተኛ ርቢ (ቁጥሩን አራት ጊዜ ጽፎ እንደማባዛት) ያድጋል። ክብደቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን የአንዱ አክስል ጉዳት አምስት እጥፍ ይሆናል። ጎማው ይግላል፣ ይፈነዳል። የተነሳው አክስል ፍሬንም አይዝም፤ አየር ላይ ነዋ! ሚዛን ሲደርሱ አውርደው፣ ካለፉ በኋላ የሚያነሱ ሾፌሮች አሉ። የሚያፈርሱት ነገ ራሳቸው የሚመለሱበትን መንገድ ነው።

ከአዳማ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ባሌስትራ ይሻላል። ሲኖትራክ ላይ ከረጢት የለ፣ ቫልቭ የለ።

ከሰመራ፦ ወንድሜ፣ ባሌስትራም ይሰበራል። እኔ በረሃ ላይ ሁለት ቀን ቆሜያለሁ።

ከአዳማ፦ ባሌስትራን ግን የትም ከተማ ያስሩልሃል። ከረጢት ቢቀደድ ማን ይሰፋልሃል?

መልስ፦ ከረጢት አይሰፋም፣ ይቀየራል። ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩት። እዚህ የምናወራው ስለሚነሳ አክስል ነው።

ከዳላስ፦ እዚህ ገልባጭ ነው የምነዳው። የሚነሳው አክስል ጎማዎቹ ራሳቸውን ይመራሉ። ወደ ኋላ ስሄድ አንሳው ይሉኛል፣ ምክንያቱን ግን የነገረኝ የለም።

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። የሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ አስብ። ወደ ፊት ስትገፋው ጎማው ከሚዞርበት ነጥብ ኋላ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይከተላል። ወደ ኋላ ስትጎትተው ዞሮ ሊገለበጥ ይፈልጋል። ያንተም አክስል እንደዚያው ነው። ወይ አንሳው፣ ወይ መቆለፊያ ካለው ቆልፈው። አለበለዚያ የዚያን አክስል ጎማዎች የሚያዞረውን ዘንግ ያጣምምብሃል።

ከባሕር ዳር፦ የባስስ? ባለ ሦስት አክስል ባስ ላይም ይነሳል?

መልስ፦ በአንዳንዱ ይነሳል። በብዙዎቹ ግን አየሩ ብቻ ይቀነሳል። ክብደቱ ወደሚነዳው ጎማ ይሄድና ጭቃ ላይ ይይዛል። ለመነሻ ብቻ ነው። በአውሮፓ ሕግ እንዲህ ሲደረግ የሚነዳው አክስል ከተፈቀደለት በላይ እስከ 30 በመቶ መሸከም ይችላል፤ ፍጥነቱ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያልፍ ግን የተቀነሰው አየር በራሱ መመለስ አለበት። ሰው ጭነህ ዋና መንገድ ላይ አትንካው።

ከደሴ፦ የኔ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ አይሠራም? አይነሳም? አይወርድም? አየር ያፈስሳል? እንዲህ ተጠይቆ ምን ብዬ ልመልስ?

ከደሴ፦ ይቅርታ። ማታ አንስቼ አቆማለሁ፣ ጠዋት ወርዶ አገኘዋለሁ።

መልስ፦ እሺ። ብዙዎቹ ሞተር ሲጠፋ እንዲወርዱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ መጀመሪያ ያንተ እንዲያ መሆኑን አጣራ። ካልሆነ አየር እያመለጠ ነው። የሳሙና ውሃ በማንሻው ከረጢት ላይ ቀባ። መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እጥፋቱ ነው፤ እሱን እይ። ከዚያ የቱቦውን መጋጠሚያና ቫልቩን። አረፋ የሰራበት ቦታ እሱ ነው።

ከአዋሽ፦ ጋሼ፣ ጭነት ይዞ ማንሳት ይቻላል?

መልስ፦ ከላይ መልሼዋለሁ። እባክህ አንብበው።

ከደሴ፦ ቀባሁት። እጥፋቱ ላይ አረፋ ሰራ። አሁን ከሥር ገብቼ ልፍታው?

መልስ፦ ቆይ! መጀመሪያ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አድርግ። አክስሉን አውርድና የማንሻውን አየር ጨርሰህ አስወጣ። ሻሲውን በብረት መደገፊያ ያዘው፣ በክሪክ ብቻ አትመን። ከዚያ ግባ። አዲሱን ከረጢት ስትገዛ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዘህ ሂድ።