ትርፍ ቫይታሚን ሁሉ በሽንት አይወጣም

ሰላም እህቴ። መልቲቫይታሚን፣ ቫይታሚን ዲ እና የፀጉር ክኒን አንድ ላይ እየወሰድሽ «ትርፉ በሽንት ይወጣል አይደል?» ብለሻል። ሁሉም አይወጣም። ኤ፣ ዲ እና ኢ በስብ የሚሟሙ ስለሆኑ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ። ኤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ፅንሱን። ዲ ከልክ ሲያልፍ ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ይጨምራል። ያኔ ማቅለሽለሽ፣ ውሃ ጥም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ሲብስም የኩላሊት ጠጠር ይከተላል።

በውሃ የሚሟሙትም ቢሆኑ አያስተማምኑም። ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭ ይጎዳል፤ እጅና እግር ይደነዝዛል።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ መደራረቡ ነው። ሦስቱንም ብልቃጥ ደርድሪና ጀርባቸውን አንብቢ። አንዱ ቫይታሚን ሦስቱም ላይ ሊኖር ይችላል፤ ደምሪው። ለአዋቂ የዲ ጣሪያ በቀን 4,000 ዩኒት፣ ሬቲኖል የሚባለው የኤ ዓይነት ደግሞ 3,000 ማይክሮግራም ነው። ሐኪም ካላዘዘልሽ ከዚያ አትለፊ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነማ ኢ እና ኬን በራስሽ እንዳትጀምሪ፣ አደራ። ከላይ ካልኳቸው ምልክቶች አንዱ ከታየብሽ ብልቃጦቹን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።