ቁስል ሲመግል በውስጡ ምን ይካሄዳል?

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄን በኅዳር ወር ቡና ስንለቅም የተቆረጠ ጉቶ እግሩን ወጋው። በሦስተኛው ቀን እግሩ ቀልቶ አበጠ፣ መግል ቋጠረ፣ በብሽሽቱ ንፍፊት ወጣበት፣ ሌሊቱንም በትኩሳት ሲቃጠል አደረ። ጤና ጣቢያ ወስደነው ቁስሉ ተከፍቶ ከተጠረገ በኋላ አንቲባዮቲክ ታዘዘለትና ዳነ። ያከሙት ባለሙያ «ነጭ የደም ሕዋሳቱ እየተዋጉ ነው» አሉን። እነዚህ ሕዋሳት ዓይን ሳይኖራቸው ባክቴሪያውን ከልጁ ሥጋ የሚለዩት በምንድን ነው? ትኩሳቱስ የውጊያው ምልክት ከሆነ ፓራሲታሞል መስጠቴ ጎድቶት ይሆን?
አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ ሕዋስ አያይም፤ የሚለየው በመንካት ነው። በነጭ የደም ሕዋሳት ገጽ ላይ፣ የአንዳንዶቹም በውስጣቸው፣ ሪሴፕተር ወይም ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ተቀባዩ ከቅርጹ ጋር የሚገጥም ሞለኪውል ሲያገኝ ይይዘዋል፤ መያዙም ሕዋሱን ለሥራ የሚቀሰቅስ መልእክት ይሆናል። የባክቴሪያ ዓይነት ስፍር ቁጥር ስለሌለው ለእያንዳንዱ የተዘጋጀ ተቀባይ ይዘን አንወለድም። አብረውን የሚወለዱት ተቀባዮች የሚለዩት ብዙ ባክቴሪያዎች በጋራ ያሏቸውን፣ በቀላሉም ሊጥሏቸው የማይችሏቸውን፣ በእኛ ሕዋሳት ላይ ግን የማይገኙትን ክፍሎች ነው።

ይህን ሐሳብ ቻርልስ ጄንዌይ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1989 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አስቀድመው ሰንዝረውት ነበር። ማስረጃው የመጣው ግን ብዙዎች ካልጠበቁት ቦታ፣ ከፍራፍሬ ዝንብ ነው፤ በ1996 ዡል ሆፍማንና ባልደረቦቻቸው ቶል የተባለው ዘረ መል የተበላሸባቸው ዝንቦች ፈንገስን መከላከል አቅቷቸው እንደሚሞቱ አሳዩ። በዓመቱ ይህ ዘረ መል የሚሠራው፣ ራሱም ቶል የተባለው ተቀባይ አምሳያ በሰው ሕዋስ ላይ ተገኘ፤ በ1998 ደግሞ የብሩስ ቦይትለር ቡድን አይጦችን መርምሮ የባክቴሪያን የውጭ ሽፋን የሚለየው ተቀባይ ከዚሁ ቤተሰብ መሆኑን አረጋገጠ። ሆፍማንና ቦይትለር በ2011 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች መካከል ናቸው።

ዛሬ በሰው ላይ የሚሠሩ 10 ቶል መሰል ተቀባዮች ይታወቃሉ። ከእነርሱ ቁጥር 5 ባክቴሪያ ለመዋኘት የሚጠቀምበት ጭራ የተሠራበትን ፕሮቲን ይለያል፤ ቁጥር 2 ደግሞ በባክቴሪያ ሽፋን ላይ የሚገኙ ቅባት ያላቸውን ፕሮቲኖች ይለያል። ወደ ልጅዎ እግር ስንመጣ ይበልጥ የሚመለከተን ቁጥር 2 ነው። የትኛው ባክቴሪያ እንደገባ ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ እንዲህ መግል በሚቋጥሩ የቆዳ ቁስሎች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ አውሬየስ ነው። በቆዳ ሥር የሚኖሩት ማክሮፌጅ የተባሉ ሕዋሳት በተቀባዮቻቸው ባክቴሪያውን ሲለዩ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። የአካባቢው የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ መቅላቱና መሞቁ ከዚህ ነው። ፈሳሽም ከደም ሥሮቹ ወጥቶ እግሩን ያሳብጠዋል። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የደም ሥሩን ግድግዳ ሾልከው ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ፤ መንገዱን የሚመራቸውም ሌላ ተቀባይ ነው፤ ባክቴሪያዎች ፕሮቲን ሲሠሩ የሚተዉትን ለየት ያለ ቁራጭ እያሸተተ ወደሚበዛበት አቅጣጫ ይወስዳቸዋል።

ከእንዲህ ያለ ቁስል የተወሰደ መግል ባክቴሪያን ለመለየት በሚያገለግለው «ግራም» በተባለ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ብሎ ይታያል። ወይን ጠጅ ቀለም የያዙ ክብ ባክቴሪያዎች እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው ይታያሉ፤ በዙሪያቸው ሮዝ ቀለም ያላቸው፣ ኑክሊየሳቸው በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ኒውትሮፊሎች አሉ፤ በአንዳንዶቹም ሆድ ውስጥ የተዋጡት ባክቴሪያዎች ይቆጠራሉ። መግልን መጥፎ ደም ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በእውነቱ ግን አብዛኛው እነዚሁ ሲዋጉ የሞቱ ሕዋሳት ናቸው።

መዋጡ ራሱ ተቀባይ ይፈልጋል። አንቲቦዲ የተባለው፣ ሰውነት ወራሪዎችን ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን በአንድ ጫፉ ባክቴሪያውን ሲይዝ፣ ሌላው ጫፉ ለኒውትሮፊሉ ተቀባይ መያዣ ይሆናል። ስታፊሎኮከስ ይህንኑ ያፈርሳል፤ ፕሮቲን ኤ በተባለው ሞለኪውሉ አንቲቦዲውን ተቀባዩ ሊይዘው በሚገባው ጫፍ በኩል ስለሚይዘው መያዣ ይጠፋል። ሰውነት ብቻውን የማይበቃበት፣ መግሉን ማስወጣትና መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው መውሰድ የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ንፍፊቱም የዚሁ ሥራ ክፍል ነው። ዴንድራይቲክ የተባሉ ሕዋሳት የባክቴሪያውን ስብርባሪ ተሸክመው በብሽሽት ወዳለው ዕጢ ይሄዳሉ። እዚያ የሚጠብቋቸው ሊምፎሳይት የተባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ የእነዚህ ተቀባይ ከቶሎቹ ይለያል፤ የዘረ መል ቁርጥራጮች በየሕዋሱ በተለያየ መንገድ ስለሚቀጣጠሉ እያንዳንዱ የየራሱ ተቀባይ አለው። የሚገጥመው ሊምፎሳይት ይባዛል፣ ዕጢውም ያብጣል።

ስለ ፓራሲታሞሉ አይጨነቁ። ሳይቶካይኖች አንጎል ውስጥ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር እንዲመረት ያደርጋሉ፣ እርሱም የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ፓራሲታሞል የሚቀንሰው ይህን የመጨረሻ ደረጃ ስለሆነ በቁስሉ ያሉት ተቀባዮች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ በክብደቱ መጠን የተሰጠ እንደሆነ ልጅዎን አሳርፎታል እንጂ አልጎዳውም። ይልቅስ ትኩሳት አለመኖሩ ሁልጊዜ የጤና ምልክት አይደለም። ከቶል ተቀባዮች የሚመጣውን መልእክት የሚያስተላልፉ ኢራክ 4 ወይም ማይዲ 88 የተባሉ ፕሮቲኖች ጉድለት ይዘው የሚወለዱ ጥቂት ሕፃናት አሉ፤ በሳንባ ምችና በማጅራት ገትር ባክቴሪያ እየተጠቁ እንኳ ትኩሳታቸው ትንሽ ሊሆን ወይም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በሌላ በኩል ምላሹ ከልክ አልፎ ሴፕሲስ ሲሆን የገዛ አካልን ይጎዳል። ስለዚህ ቁስል ያለበት ልጅ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከተደናገረ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ወይም ከቁስሉ ወደ ላይ ቀይ መስመር ከወጣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ሳይጠይቁኝ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። አፈር የነካው ጉቶ የመንጋጋ ቆልፍን ባክቴሪያ ሊያስገባ ይችላል። የዚህ ባክቴሪያ መርዝ ሰው ለመግደል የሚበቃው መጠን ሊምፎሳይቶችን ለመቀስቀስ ከሚያስፈልገው ስለሚያንስ፣ በሽታው ይዞት የዳነ ሰው እንኳ መከላከያ አያገኝም፤ ተቀባዮቹ መርዙን አስቀድመው የሚያውቁት በክትባት ብቻ ነው። የልጅዎ የክትባት ካርድ ካለ ይዘው፣ ከሌለም እንዲሁ ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሰው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ የተሟላ መሆኑን ያረጋግጡ።