ጁሪ ላይ የሚወርድብኝን ትችት እንዴት ልቻለው?

«የአርክቴክቸር 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጁሪ ላይ መምህሩ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ ስራዬን አብጠለጠለው። ከዚያ ወዲህ እርሳስ ማንሳት አስጠልቶኛል» ላልሽው እህታችን። ለማያውቀው ሰው፣ ጁሪ ማለት ተማሪው የነደፈውን ስራ በዳኞች ፊት ቆሞ የሚያቀርብበትና የሚተችበት መድረክ ነው። እኔም በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ነኝ። አሁን ደግሞ አልፎ አልፎ ከዳኞቹ ጋር እቀመጣለሁ። ትንሽ ላስረዝመው ነው፣ ታገሺኝ።

ከሁሉ በፊት እንቅልፍ። ጁሪ ፊት የሚቆም ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሞዴል ሲቆርጥና ሲለጥፍ ያደረ ነው። እንዲህ የዛለ ሰው «ይሄ ደረጃ ቀጥ ብሏል» ሲባል «አንቺ አትረቢም» የተባለ ይመስለዋል። በዚያ ቀን በተሰማሽ ነገር ስለ ራስሽ አትፍረጂ።

እኛን ያዳነን ዘዴ ቀላል ነበር። ጓደኛዬ ስታቀርብ እኔ እጽፍላታለሁ፣ እኔ ሳቀርብ እሷ ትጽፍልኛለች። ቆሞ ትችት የሚወርድበት ሰው አይሰማም፤ ልቡ መልስ ፍለጋ ላይ ነው። አንድ ቀን መምህሩ «መኝታ ቤቱን ምድጃ አደረግሽው» አላትና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ከሳቁ ሌላ ምንም አላስታወሰችም። እኔ የጻፍኩት ላይ ግን ተከታዩ ነበረ፦ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ይመለከታል፣ ጥላ የለውም፣ የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች። ደግሞ ለምን ደቡቡን ብቻ እንደከለለች ጠይቋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ደቡቡን ብቻ የሚከልለው የአውሮፓ መጽሐፍ ጥላ ይሄን አያውቅም። በማግስቱ ስታነበው ልጅቷ ወዲያው ወረቀት ዘረጋች።

ንዴቱ ሲበርድልሽ ፕላንሽን ይዘሽ የመምህሩ ቢሮ ሂጂ። «ለምን እንዲህ አሉኝ» አትበይ። ጣትሽን አስቀምጠሽ «እዚህ ጋ ነው ያሉት?» በይው። ጁሪ ላይ የሚያንቀጠቅጥ መምህር ቢሮው ውስጥ አብሮሽ ሲስል ልታይ ትችያለሽ። ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው።

አጎቴ ቅኔ ቤት ነው ያደገው። እዚያ ተማሪው የቆጠረውን (ማለትም ራሱ የደረሰውን) ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ጓደኞቹ እየሰሙ ያርመዋል፤ የቅኔው ቤት (ስንኙ) ከጎደለ ወይ ምስጢሩ ካልሰመረ ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። ስለ ጁሪ ሳማርርለት «ታዲያ ካልታረመ ምን ሊማር ሄደ?» ብሎ ቡናውን ፉት አለ። ቅንጣት አላዘነልኝም።

ስድብ ግን ሌላ ነው። «ኮሪደሩ ጠባብ ነው» ካለሽ ሜትር አውጥተሽ ትለኪዋለሽ። «ይሄ የሴት ሙያ አይደለም» ካለሽ ምኑን ትለኪዋለሽ? እንዲህ የሚል አሁንም አይጠፋም። ይሄኛውን ቻዪው አልልሽም፤ ቀኑንና የሰሙትን ሰዎች መዝግበሽ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አቅርቢ።

የሚቀጥለው ጁሪሽ መቼ ነው? ከቀኑ ቀደም ብለሽ ፕላኑንና ሴክሽኑን (ቤቱ ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበትን ስዕል) እዚህ ለጥፊው። እኛ ያየነውን እንነግርሻለን፣ አንቺ ደግሞ መልስ ሳትሰጪ ማዳመጥ ትለማመጃለሽ።